የባሕር ማሽላ

"ያጥፉልኝ! ማሽኑን ያጥፉልኝ ጋሼ!"

የማተሚያ ቤቱ አለቃ አልሰሙም። ነጭ ወረቀት እየዋጠ ባለቀለም የሚተፋ ማሽን ሲያሠሩ ዕድሜያቸውን ስለፈጁ፣ የማሽን ጩኸትን ከሰው ጩኸት የሚለይ ጆሮ አልቀረላቸውም። ቀዮ ገና ያልደረቀውን ወረቀት ከፍ አድርጋ ዓይናቸው ሥር አውለበለበችው። ያን ጊዜ ቁልፉን ተጫኑት፤ ማሽኑም እያቃሰተ ቆመ።

"ምን ሆንሽ? እጅሽን ያዘሽ እንዴ?"

"እጄን ቢይዘኝ ይሻለኝ ነበር። ይህን አይተውታል?"

"አየሁት። ወረቀት ነው። ያውም የሙከራ ወረቀት። ቀለሙን እይና ፈርሚልኝ፣ ሥራችንን እንሥራበት።"

ቀዮ ቀይ አይደለችም። ፊቷ እንደ ከሰል የጠቆረ፣ ቀጭን፣ ስትቆጣ አንገቷ ላይ ያለው ሥር የሚገተር ሴት ናት። ስሙን ያወጣላት ቀይ እስክሪብቶዋ ነው። የመማሪያ መጻሕፍት በሚያዘጋጀው መሥሪያ ቤት ውስጥ ከእሷ እጅ ሳይደማ የወጣ ገጽ የለም ይባላል። የዛሬ ጠዋት ተልእኮዋ ግን እርማት አልነበረም። የስድስተኛ ክፍል የጂኦግራፊ መጽሐፍ ተጽፎ፣ ተገምግሞ፣ የማተሚያ ፕሌት፣ ገጹ የተቀረጸበት ቆርቆሮ፣ ተሠርቶለት ማሽን ላይ ወጥቷል። የቀራት ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ የሙከራውን ወረቀት ማየት፣ አረንጓዴው አረንጓዴ፣ ቢጫው ቢጫ መሆኑን ማረጋገጥና ጥጉ ላይ መፈረም። ያለ እሷ ፊርማ ሙከራው ወደ ኅትመት አይዞርም።

አረንጓዴው አረንጓዴ ነበር። ካርታው አህጉሩን ከነሙሉ ቁመናው ይዟል። ወገቡ ላይ ዝናብ የማያቋርጥበት ደን፣ ከነሙዙ፣ ከነካካዋውና ከነካሳቫው። ከደኑ በላይና በታች ሣር የለበሰው ምድር፤ ከዚያ ቀጥሎ ማሽላና ዳጉሳ ብቻ ጥርሱን ነክሶ የሚበቅልበት ደረቅ ሜዳ፤ ከዚያም በረሃው ከነቴምሩ። በሁለቱ ጫፎች በብርድ ወራት የሚዘንብባቸው ጠባብ ዳርቻዎች፣ ስንዴና ወይን፣ ወይራም። በመሐል ደግሞ ይህን ሁሉ ሥርዓት አልቀበልም ብለው ቀጥ ያሉት ደጋዎች፣ ቡናቸውን፣ ሻያቸውንና ገብሳቸውን ይዘው። ሁሉም በየቦታው ነው።

ጉዱ ያለው ባሕሩ ላይ ነው። ቀለም ለመቆጠብ ነጭ የተተወው ባሕር፣ የአህጉሩን ዙሪያ ተከትሎ፣ በትናንሽ ቀይ የማሽላ ዘለላዎች ተሞልቷል። ከላይ ከበረሃው ጠረፍ ይጀምርና በዝናቡ ደን በኩል አልፎ፣ ቀዝቃዛውን የታችኛውን ጫፍ ዞሮ ይመለሳል። መግለጫው "የባሕር ማሽላ" ይላል። ከካርታው ሥር ደግሞ አንድ ሣጥን አለ። ርእሱ በደማቁ "የባሕር ማሽላ ምንድን ነው?" ብሎ ይጠይቅና ራሱ ይመልሳል፦ "የባሕር ማሽላ ጨዋማ አየር የሚወድ፣ በአህጉሩ የባሕር ዳርቻዎች ሁሉ የሚበቅል የማሽላ ዓይነት ነው።"

በቆሎ ግን የለም። ቀዮ ወረቀቱን ገለበጠች፣ መልሳ ገለበጠች። የአህጉሩ ግማሽ ሕዝብ ጠዋትና ማታ የሚበላው እህል ከአህጉሩ ጠፍቷል።

"ጋሼ፣ የባሕር ማሽላ ማለት እኮ በቆሎ ነው! የድሮ ሰዎች እንደዚያ ነበር የሚሉት። ባሕር ተሻግሮ ስለ መጣ የባሕር አሉት፤ ማሽላ ስለሚመስል ማሽላ አሉት። አለቀ! እነዚህ ግን ወስደው ባሕር ዳርቻ ዘሩት!"

"እኔ የማውቀው ማሽን ነው" አሉ አለቃው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ። "የምትይው እውነት ከሆነ ያሳዝናል። ግን ሌላ ፕሌት የለኝም። የመጣልን በልክ ነው፤ ቀጣዩ የሚመጣው ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ ነው።"

"ስለዚህ ይታተም?"

"እሱን አላልኩም። የካርታውን ፎርም፣ ካርታው ያለበትን ትልቅ ወረቀት፣ ወደ መጨረሻ ላዙረው፣ ሌሎቹን ላስቀድም። ከሰዓት በኋላ ተራው ይደርሳል። እስከዚያ ከአለቃሽ ጋር ተነጋገሪ። ከዚያ ወዲያ ግን ባለማሽኑን አትውቀሺ።"

ቀዮ ወረቀቱን ጠቅልላ ብብቷ ውስጥ ወሽቃ ወጣች።

*

ደራሲው ትክክል ነበሩ። ምዕራፉን የጻፉት አሮጌ መምህር በልጅነታቸው የሰሙትን ቃል ተጠቅመው "የባሕር ማሽላ በአህጉሩ ምሥራቅና ደቡብ የብዙ ሰው ቀለብ ነው" ብለው አለፉ። አርታኢዋም ትክክል ነበረች። ቀዮ ቃሉን በቀይ ሰርዛ፣ የዛሬ ልጅ እንዲገባው "በቆሎ" ብላ ጻፈች። በሁለት ትክክሎች መሐል ስሕተት በየት በኩል ገባ? በገምጋሚ በኩል። በዚህ መሥሪያ ቤት ስሕተት ወላጅ የለውም፤ ማዕረግ ግን አለው። ገምጋሚው ዶክተር በገጹ ኅዳግ ላይ እንዲህ ብለው ጽፈው ነበር፦ "አርታኢዋ ማሽላንና በቆሎን አምታታለች። የደራሲው ቃል ይመለስ። ለተማሪዎች ማብራሪያ የሚሆን ሣጥን ጨምሬያለሁ።" ከገምጋሚ በኋላ ደግሞ ገጹ ወደ አርታኢ አይመለስም። ደንብ ነው። ደንቡን ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም፤ ማንም ግን አያፈርሰውም።

ቀዮ መሥሪያ ቤቱ ስትደርስ ሠዓሊው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ የሌላ መጽሐፍ ላም ያቀልም ነበር። ወረቀቱን በላሟ ሥዕል ላይ ዘረጋችው።

"ይህን ማን ነው የሣለው?"

"እኔ ነኝ እትዬ። ምነው፣ ቀለሙ ደበዘዘ?"

"ማሽላውን ውሃ ውስጥ የዘራኸው ምን ቆርጦህ ነው?"

"ውሃ ውስጥ አይደለም፣ ጠርዙ ላይ ነው" አለ ሠዓሊው፣ እንደ መኩራትም ብሎ። "መሬቱ ላይ ባደርገው የአየር ንብረቱን ቀለሞች ሸፈነብኝ። ስለዚህ ወደ ባሕሩ ገፋ አደረግኩት። ደግሞስ የባሕር አይደል የሚለው?"

"ባሕር ዛፍ ሣል ብልህ የት ነው የምትሥለው?"

ሠዓሊው ሳቁ አመለጠው።

"አትሳቅ!"

"እትዬ ሙች፣ በራሴ ነው የሣቅኩት። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ። በቆሎን የማውቀው ተጠብሶ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ነው። ዶክተሩ ሣጥኑን ሲልኩልኝ 'ጨዋማ አየር የሚወድ' ይላል። ዶክተር እኮ ናቸው! ዶክተር የጻፈውን እኔ ማን ነኝና ነው የምጠይቀው?"

ቀዮን ከማሽላው ይልቅ ያቃጠላት ይህ ነው። እኔ ማን ነኝና። ሠዓሊው ሲጠራጠር አልጠየቀም፤ ፕሌት ሠሪው አላነበበም፤ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ፈረመ። ነገ አስተማሪው ሰሌዳ ላይ ይገለብጠዋል፤ ከነገ ወዲያ ፈታኙ አራት ምርጫ ያበጅለታል። ውሸት ሲዋሽ የኖረ ሰው እንኳ አንዳንዴ ያፍራል። የታተመ ውሸት ግን አያፍርም፤ ገጽ ቁጥር አለዋ።

ስልኳ ጮኸ። ልጇ ናት።

"እማዬ፣ ምሳ ልትመጪ ነው ወይስ ብቻዬን ልብላ?"

"ብቻሽን ብዪ። ቆይ፣ አትዝጊው። አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። የባሕር ማሽላ ምንድን ነው?"

"ባሕር አጠገብ የሚበቅል ማሽላ ነዋ።"

"ማን ነገረሽ?"

"ስሙ ራሱ ይናገራላ! ምነው፣ ፈተና ላይ ይመጣል?"

"ቢመጣስ? የማታውቂውን ነገር 'አላውቅም' ብትዪ ምን አለበት?"

"እማዬ ደግሞ!" ልጅቷ በእናቷ አለማወቅ ተገረመች። "ፈተና ላይ 'አላውቅም' የሚል ምርጫ የለም።"

ቀዮ ስልኩን ከዘጋች በኋላም ጆሮዋ ላይ ይዛው ቆየች። ልጇ በመጪው የትምህርት ዘመን ስድስተኛ ክፍል ትገባለች። ዓምና መጽሐፍ ዘግይቶባቸው አንዱን ለአራት ሲካፈሉ፣ ተራ ሲደርሳት ይዛው መጥታ ምዕራፉን ሙሉ በእጇ ገልብጣ ነበር፤ ጣቷ እስኪያብጥ። ስለዚህ ቀዮ ኃላፊው ምን እንደሚላት ከወዲሁ ታውቃለች። ክፋቱ፣ የሚላት ነገር እውነት ነው። መጽሐፉ መዘግየት የለበትም። መዋሸትም የለበትም።

*

ኃላፊው ብቻውን አልነበረም። ዶክተሩ ለሌላ መጽሐፍ ግምገማ መጥተው ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ሽበታቸው የተበጠረ፣ ከረባታቸው የጠበቀ፣ ጉልበታቸው ላይ ቦርሳ ያደረጉ ሰው ናቸው። ቀዮን ኮሌጅ ያስተማሯት እሳቸው ነበሩ። ከዚያ ሁሉ መምህር የሚታወሷት እሳቸው ብቻ ናቸው። አንድ ቀን ትልቅ ወረቀት ይዘው ገብተው፣ አህጉሩን ሥለውበት፣ ወገቡ ላይ ለሁለት አጠፉት። "እዩ፣ ደን በደን ላይ፣ ሣር በሣር ላይ፣ በረሃ በበረሃ ላይ! አህጉራችሁ የታጠፈ ወረቀት ነው" አሉ። ቀዮ ጂኦግራፊን የወደደችው በዚያ እጥፋት ነው።

"ኦ! ልጄ!" አሉ ዶክተሩ። "አሁንም ሰው ታደሚያለሽ ይሉኛል።"

"ዛሬ የደማሁት እኔ ነኝ ዶክተር።" ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። "ይህ ገጽ አይታተምም።"

ኃላፊው ወረቀቱን ሳይሆን እሷን አየ። ከእሷ በኋላ የተቀጠረ ሰው ነው፤ ሲደሰት አንቺ፣ ሲቆጣ እርስዎ ይላታል።

"እርስዎ ወደ ማተሚያ ቤት የተላኩት ለምን ነበር?" አለ።

"ቀለም ለማየት።"

"ለቀለም ነው የተላኩት፤ ለቃል አይደለም። የቃሉ ሥራ አልቋል።"

"በቆሎን ከአህጉሩ አጥፍታችሁ አልቋል ትላለህ? የባሕር ማሽላ በቆሎ ነው!"

ዶክተሩ በትዕግሥት ፈገግ አሉ። "ልጄ፣ ማሽላ ማሽላ ነው፣ በቆሎ በቆሎ ነው። ደራሲው በቆሎ ማለት ቢፈልጉ በቆሎ ይሉ ነበር።"

"እሺ። እርስዎ ባስተማሩኝ ልጠይቅዎ። ይህ ጠረፍ በረሃ ነው፤ ጠል እንጂ ዝናብ አያውቅም። ይህኛው ዓመቱን ሙሉ ይዘንብበታል፤ ማሽላ ፍሬ ሲይዝ እንዲህ ያለ ዝናብ ካገኘው ዘለላው ላይ ይሻግታል። ይህ ታችኛው ጫፍ ደግሞ የሚዘንብበት በብርድ ወራት ነው፤ ማሽላ ብርድ አይችልም። ሦስት አየር ንብረት፣ ሦስቱም ለማሽላ ጠላት! አንድ ማሽላ በሦስቱም ላይ እንዴት ነው የሚበቅለው? ጨው ወድዶ?"

"የጨው መቋቋም ችሎታ ያላቸው ዝርያዎች…"

"ዶክተር! ባሕር ዛፍስ? እሱም ጨው ይወዳል?"

ኃላፊው ሳያስበው በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። በግቢው አጥር በኩል የተደረደሩት ባሕር ዛፎች፣ ባሕር የሚባል ነገር አይተው የማያውቁት፣ ቅጠላቸውን ያርገበግባሉ።

ቀዮ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ክፍል ውስጥ የገበሬ ልጅ ነኝ ይሉን ነበር። እናትዎ በቆሎን ምን ብለው ነበር የሚጠሩት?"

ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። በከረባታቸው ጫፍ ጠረጉት፣ አላጠሩትም፣ መልሰው አላደረጉትም።

"'ሂድ የባሕር ማሽላውን ጠብቅ፤ ዝንጀሮ ገባበት'" አሉ በቀስታ። ድምፃቸው የሌላ ሰው ሆነ። "እንዲህ ነበር የሚሉት እናቴ።" ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳቡት። "የሚገርመው ረስቼው አይደለም። መጽሐፍ ላይ ሳየው አላወቅኩትም። ሳይንሳዊ ስም መስሎኝ… እናቴ መጽሐፍ ውስጥ ትገባለች ብዬ አልጠበቅኩማ።"

ቀዮ ያሸነፈች መሰላት። በዚህ አገልግሎቷ ሁሉ መማር የነበረባት፣ ያልተማረችው ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ እዚህ ቤት ውስጥ እውነቱ መታወቁ የነገሩ መጨረሻ አይደለም።

"መልካም፣ ተግባባን" አለ ኃላፊው፣ ፊቱ ቀለል ብሎት። "በሚቀጥለው እትም ይታረማል። ለአሁኑ የእርማት ወረቀት አሳትመን ለየትምህርት ቤቱ እንልካለን።"

"የእርማት ወረቀት ማን ያነባል? አንተ አንብበህ ታውቃለህ?"

"ታዲያ ምን ላድርግ? ፕሌት የለም! ልታዘገዪው ነው? ዓምና ልጆቹ እንዴት እንደተማሩ ታውቂያለሽ፤ የገዛ ልጅሽ ምን እንዳየች ታውቂያለሽ!" በንዴቱ አንቺ ማለቱን አላስተዋለም። "በአንዲት በቆሎ ምክንያት የመቶ ሺህ ልጅ መጽሐፍ ላስቀር?"

"ዶክተር ስሕተት ነው ብለው ሁለት መስመር ይጻፉ። ያን ይዘህ ለበላይ ጩህ። ፕሌት ከሌላ ማተሚያ ቤት ይበደር።"

ሁለቱም ዶክተሩን አዩ። ዶክተሩ የቦርሳቸውን ማሰሪያ አላሉ፣ መልሰው አጠበቁ።

"ልጄ፣ እኔ የገመገምኩት ይህን አንድ መጽሐፍ ብቻ አይደለም" አሉ። "ይህን ብጽፍ ነገ የቀሩትን ሁሉ ያወጣሉ። በጡረታዬ ዋዜማ… አልችልም።"

"ያስተማሩኝ ወረቀት ሲያጥፉ እንጂ እውነት ሲያጥፉ አልነበረም" አለች ቀዮ።

"አበቃ!" ኃላፊው ጠረጴዛውን መታ። "እርስዎ ይህን ወረቀት ዛሬ ይፈርማሉ። ካልፈረሙ ሌላ ሰው ይፈርማል። ውልዎ ደግሞ በወሩ መጨረሻ እንደሚያልቅ አይዘንጉት። ለመታደስ ገና የእኔን ቃል ይጠብቃል።"

ቀዮ ወረቀቷን ጠቀለለች። የቤት ኪራይዋን አሰበች፤ የልጇን የትምህርት ቤት ጫማ አሰበች። አስባ፣ ደምራ፣ ቀንሳ፣ ከዚያ ከወንበሩ ላይ ሻርፗን አነሣች።

"የምፈርመው እኔ ነኝ" አለች። "ሌላ ሰው አትላክ።"

ኃላፊው ተነፈሰ። "እንዲህ ነው ሰው! አንቺ እኮ ሲገባሽ አንደኛ ነሽ።"

ኮሪደሩ ላይ ከኋላዋ የጫማ ኮቴ ሰማች። ዶክተሩ ናቸው፤ መነጽራቸው አሁንም እጃቸው ላይ ነው። ያለ መነጽር ዓይናቸው ትንሽ፣ የሕፃን ዓይን ይመስላል።

"ሣጥኑን አልጻፍኩትም አልልም" አሉ። "ግን… ብታጠፊው አልከስሽም።"

"ይኼ ነው እርዳታዎ?"

"ያለኝ ይኼ ነው።"

ቀዮ ልትሰድባቸው ነበር። ስድቡ አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ የተማረ፣ በደንብ የተዋቀረ፣ ጡረታቸው ድረስ የሚከተላቸው ስድብ። ግን የተናገሩት አንድ ቃል ጆሮዋ ውስጥ ተሰነቀረ። ብታጠፊው። መጨመር አላሉም፣ ማረም አላሉም። ማጥፋት።

ደረጃውን እየሮጠች ወረደች።

*

የካርታው ፎርም ተራ ደርሶ ነበር። የማተሚያ ቤቱ አለቃ ከቀዮ ፊት ላይ ፈቃድ ፈለጉ፤ አላገኙም።

"ምን አለሽ?"

"ፈርሚ አለኝ። ጋሼ፣ አንድ ነገር ይንገሩኝ። ፕሌት ላይ የተሠራን ነገር ማረም ይቻላል?"

"አይቻልም።"

"ማጥፋትስ?"

አለቃው አገጫቸውን አሹ። "መጨመር አይሆንም፤ መቀነስ ግን ይሆናል። ቆሻሻ ነጥብ ሲኖርበት የምናጠፋበት መድኃኒት አለ። እንደ እስክሪብቶ ነው። የነካው ቦታ ቀለም አይይዝም።"

"ያምጡልኛ።"

"ማን ፈቀደ?"

"የተላክሁት ለምንድን ነው ጋሼ?"

"ለቀለም።"

"በቃ፣ አየሁት። ባሕሩ ላይ ቀዩ በዝቷል።"

አለቃው ለአፍታ አፈጠጡባት። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ድምፅ የሌለው ሣቅ ነበር፤ በማሽን መሐል የኖረ ሰው ሣቅ። "አይ አንቺ! ምላስሽ ፍርድ ቤት ነው የሚያስፈልገው። አለቃሽ ቢጠይቀኝ ምን እለዋለሁ?"

"አርታኢዋ ቀለም አስተካከለች ይበሉት። እውነት ነው። ውሸት አላስተምርዎትም።"

"እኔንስ ከሥራዬ ቢያባርረኝ?"

ይህን ስትሰማ ቀዮ ጨዋታውን ተወችው። "ጋሼ፣ እጅዎን አያስገቡ። መድኃኒቱን ያሳዩኝና ዘወር ይበሉ። የማጠፋው እኔ ነኝ፤ ከፊርማዬ ሥር 'በእኔ እጅ' ብዬ እጽፋለሁ።"

"ሙያ የሌለው እጅ ፕሌቴን እንዲያበላሽ? በሕልምሽም አይሆን!" አሉ አለቃው ተቆጥተው፣ መነጽራቸውንም ከኪሳቸው አወጡ። "ጻፊ፤ 'በእኔ ትእዛዝ' ብለሽ ጻፊ። ማጥፋቱን ለባለሙያው ተዪው።"

ፕሌቶቹን ከማሽኑ ፈተው ብርሃን ያለበት ጠረጴዛ ላይ ዘረጓቸው። ቀዩ ዘለላ በቀዩና በቢጫው ፕሌት ላይ ስለተከፈለ ሁለቱንም ማጥፋት ነበረባቸው። አለቃው የመድኃኒቱን ጫፍ ለእያንዳንዱ ዘለላ እያስነኩ፣ ቀዮ ከኋላ በእርጥብ ስፖንጅ እየጠረገች፣ የአህጉሩን ዳርቻ ዞሩ። በበረሃው በኩል ጀመሩ። ማሽላው ከዚያ ጠፋ። በዝናቡ ደን በኩል ወረዱ። ከዚያም ጠፋ። ታችኛው ጫፍ ላይ ሲደርሱ የአለቃው እጅ ስለደከመ ቆሙ፤ አለቃው ጣታቸውን አፍታተው ቀጠሉ። ቀዮ ዶክተሩ ኮሌጅ ያጠፉትን ወረቀት እንኳ እንዲህ ቀስ ብላ አላጠናችውም። እያንዳንዱን ጠረፍ ሲያልፉ ምን እንደሚበቅልበት ሳታስበው በቃሏ ትለው ነበር፤ "ቴምር… ኮኮነት… ካካዋ… ወይን… ሸንኮራ…"

"ለማን ነው የምታስተምሪው?" አሉ አለቃው ቀና ሳይሉ።

"ለራሴ።"

"ጮክ በይ እንግዲህ። እኔም ልስማ።"

ቀዮ ጮክ አለች።

ባሕሩ ነጭ ሆነ። መሬቱ ላይ ግን በቆሎ አልገባም። ሊገባ አይችልም። ቀዮ ይህን ታውቃለች። ባዶነቱን ለመሙላት ምንም የላትም። ያላት ውሸቱን ማንሣት ብቻ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ይህ ሙሉ ሥራ ነው።

ጥቁሩ ፕሌት ቀረ። አለቃው ከካርታው ሥር ያለውን ሣጥን በጣታቸው ነኩት።

"ይኼስ? ይኼ ጽሑፍ ነው፤ ቀለም አይደለም።"

"ጥቁር ቀለም አይደለም እንዴ?"

"ወይ ጉድ! እሺ።"

ከካርታው መግለጫ "የባሕር ማሽላ" ጠፋ። ከሣጥኑ "ጨዋማ አየር የሚወድ" ጠፋ። "በአህጉሩ የባሕር ዳርቻዎች ሁሉ" ጠፋ። የመጨረሻው አራት ነጥብ ሳይቀር ጠፋ። ሣጥኑ ውስጥ ርእሱ ብቻ ቀረ። አለቃው የመድኃኒቱን ጫፍ ወደ ርእሱ አስጠጉና ቀዮን አዩ።

"ይኼንም አንድ ላይ ላጥፋው? መልስ የሌለው ጥያቄ ምን ይሠራል? እንዲያውም ሣጥኑን ጨምሬ ባጠፋው ቦታው ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ምን እንደነበረ ማንም አያውቅም። አንቺንም የሚጠይቅሽ የለም።"

ሊሆን የሚችል ነገር ነበር። ንጹሕ ገጽ፣ ንጹሕ ባሕር፣ የታደሰ ውል። ኃላፊው መጽሐፉን ገልጦ፣ አገላብጦ፣ ምንም ሳያይ ይዘጋው ነበር። ሣጥኑ ከቀረ ግን ገጹ በተገለጠ ቁጥር ይጮኻል። ስድስተኛ ክፍል የገባ ልጅ ሁሉ ጣቱን ይቀስርበታል፤ አስተማሪው ይጠየቃል፣ አስተማሪው ርእሰ መምህሩን ይጠይቃል፣ ነገሩ ደረጃ በደረጃ ወጥቶ እዚያ ሶፋው ያለበት ክፍል ይደርሳል። ከዚያ ወደ እሷ ይወርዳል።

ቀዮ የአለቃውን እጅ ከፕሌቱ ላይ ቀስ አድርጋ አነሣችው።

"ጥያቄው ምን አጠፋ?" አለች። "ይቆይ።"